ቶርኪል ሰቅሎት የሄደው ፍሬም

ቶርኪልን ከቀበርን ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ሚስቱ ቦዲል በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ቪጎ! የያዝከውን ዳቦ አስቀምጥና ና። ጉድ ላሳይህ።»

ሄድኩ። ከቤታቸው ጓሮ ያለችው ወርክሾፕ ቶርኪል ዕድሜ ልኩን ብስክሌት ሲጠግንባት የኖረባት ናት። ቦዲል ወደዚያ ብቅ የምትለው ምሳ ለማቀበል ብቻ ነበር፤ እሱንም ከበሩ ሳታልፍ። አሁን ግን መሃል ወለሉ ላይ ቆማ፣ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ጣቷን ቀሰረች።

ባዶ የብስክሌት ፍሬም ተሰቅሏል። ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ሰንሰለት የለው። ቀለም እንኳ ያልነካው ግራጫ አጽም። ቀረብ ብዬ የቧንቧዎቹን መጋጠሚያ በጣቴ ዳሰስኩት። ብየዳው አዲስ ነው፤ በሞረድ የተላገው ቦታ ገና ያበራል። በፎቦርግ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚያጋጥም እጅ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። የዚያን እጅ ባለቤት ደግሞ በቀደም ዕለት ሬሳውን በትከሻዬ ተሸክሜ ወስጄዋለሁ።

ክው አልኩ። ቶርኪል ፍሬም መሥራት ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎት ነበርና ነው። የቦዲል ወንድም ከብስክሌት ወድቆ በተጎዳበት ዓመት የብየዳውን ጋዝ ዘግቶ፣ «ዓይኔ ደከመ፤ ከእንግዲህ መጠገን እንጂ መሥራት የለም» ብሎ ለከተማው ሁሉ አውጇል። ብዙ ሰው ለምኖት እምቢ ብሏል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ቢራ የምጠጣ፣ ግድግዳ የምጋራው ጎረቤቱ፣ ያንን እሳት መልሶ የለኮሰው መቼ እንደሆነ አላየሁም፤ አልሸተተኝም።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የማን ይሆናል? የኔ ነዋ!» አለች ቦዲል። በቀብሩ ላይ አንድ ጠብታ እንባ ያላፈሰሰች ሴት፣ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

ለምን እንዳለቀሰች እኔ አውቃለሁ። ቦዲል የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስትሠራ ያረጀች፣ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከወደብ እስከ ገበያ የሚሰማ ሴት ናት። ከተማው በሙሉ በባሏ ብስክሌት ሲሄድ፣ እሷ የምትነዳው ፖስታ ቤት የጣለውን ቀይ ቅራቅንቦ ነበር። ስትመጣ ከሩቅ ይንቋረራል። የወደብ ሰዎች «የብስክሌት ሠሪው ሚስት እየመጣች ነው፤ ጆሮህን ያዝ» ይሉ ነበር። እሷ ስትነጫነጭ ቶርኪል አንድ መልስ ነበረው። «ቆይ፣ አንድ ቀን ሁሉን የሚችል እሠራልሻለሁ። ድንች የሚሸከም፣ ዝናብ የማይበግረው፣ ዳገት የሚወጣ፣ እሁድ ለሽርሽር የሚያምር። አንድ ለሁሉ።» ሲጋቡ ቃል ገባ፤ ፀጉራቸው ሲሸብት ቃሉ ቃል እንደሆነ ቀረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወደብ ዓሣ ሊገዛ ሄዶ፣ ዓሣው እየተመዘነለት ልቡ ቀጥ አለና ወደቀ።

ታዲያ ያንን ፍሬም ስታይ ምን ትበል? እግር ለማሻገር እንዲቀል ሆኖ የላይኛው ቧንቧ ወደ ታች ዘንበል ተደርጓል፤ የሴት ብስክሌት ይመስላል። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ መያዣ ተበይዶለታል። ለፓራፋንጎ፣ ለመብራት፣ ለተጎታች ጋሪ ሳይቀር ቀዳዳ አለው። ከስሩ ደግሞ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ኩሽኔታ፣ ዲናሞ፣ ብሎንና ዳዶ በጋዜጣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሞልቶታል።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሳች። «እገጥመዋለሁ።»

«ከጎዳናው ማዶ ላለው ጠጋኝ እንስጠው፤ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል» አልኳት።

«ሰማኸኝ? እኔ እገጥመዋለሁ አልኩ። አንተ ትነግረኛለህ፤ እጁ ግን የኔ እጅ ነው። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የመርከብ ሞተር ሆድ ውስጥ ተኝተህ የኖርክ፣ አንዲት ብስክሌት ታቅትሃለች?»

የምትናገረው እውነት ነው፤ በደሴቶቹ መርከብ ላይ መካኒክ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። እሺ አልኩ።

በረዶው ሲቀልጥ ጀመርን። ከማጠቢያ ቤት በተመለሰች ቁጥር ሽርጧን ሳታወልቅ ትመጣለች። መጀመሪያ ፍሬሙን የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስረን፣ የብየዳ ቅሪት የገባበትን ጥርስ ሁሉ አጸዳን። ግራሶ እስከ ክርኗ ተቀባች። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ እየደረደረች፣ አንዷ ሾልካ ወለል ላይ ስትንከባለል ከመርከበኛ የባሰ ስድብ ታወርዳለች።

«እንዲህ ያለ ስድብ ከየት ተማርሽ?» ስላት፣

«የሐኪሞች ልብስ ሳጥብ» አለችኝ።

ከፍሬሙ ጋር ሠርቶ ያስቀመጠውን የፊት ጎማ መያዣ ሹካ ስንገጥም ግን እኔ ቆም አልኩ። ሹካው ከባድ ነው። ቧንቧው ወፍራም፣ ጫፉ ከመሪው አንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ከውስጥም ከውጭም ሌላ ብረት ተደርቦበታል። ቶርኪል በጉብዝናው ዘመን ይታወቅ የነበረው በቀላል ሥራ ነው፤ ፍሬሙን በትንሿ ጣት ያነሳ ነበር።

«ይሄ ሹካ ላም ይሸከማል» አልኳት።

«ውፍረቴን አይቶ ነዋ፤ ባለጌ!» ብላ ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ጎማዎቹን ከተዘጋው የወተት ፋብሪካ ዕቃ ሲሸጥ አገኘናቸው፤ የወተት ጣሳ የሚያመላልሱበት ብስክሌት ስለነበር የጠነከሩ ናቸው። ሽቦዎቻቸውን አንድ በአንድ አጥብቃ፣ ጎማው ሳይወላገድ ሲሽከረከር ስታይ እጇን አጨበጨበች። ፍሬን አሰርን፤ መሪ አስገባን፤ የቆዳ ኮርቻ ከራሷ አሮጌ ብስክሌት ላይ ነቅላ አመጣች። ፔዳል፣ ሰንሰለትና መጫኛዎቹ ብቻ ቀሩ።

«ፔዳሉን ሳናስገባ እስኪ አንዴ ልቀመጥበት» አለች። «አንተ ያዝልኝ።»

ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩላት። ብስክሌቱን ከፊት በሁለት እጄ ያዝኩት። ዘንበል ባለው ቧንቧ ላይ በቀላሉ ተሻገረችና ወደ ኮርቻው ተንጠላጠለች። ተቀመጠች።

እግሯ አየር ላይ ቀረ።

መሬት መንካቱ ይቅር፣ ፔዳሉ ሊመጣበት ከሚገባው ቦታ እንኳ አይደርስም። ጣቶቿን ዘረጋች፤ አሁንም የለም። መሪውም ሩቅ ነው፤ እጇ ተወጥሮ ነው የነካችው። ከማማ ላይ እንደተቀመጠች ሕፃን ተንጠልጥላ ቀረች። ባዶ ፍሬም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሁሌም ከልኩ በላይ ይመስላል፤ ቧንቧው ዝቅ ማለቱ ደግሞ ሁለታችንንም አታልሎን ኖሯል። መቀመጫውን የሚይዘው ቧንቧ ግን ከኔም ቁመት ያለፈ ሰው የሚፈልግ ነው።

መጀመሪያ ሳቀች። «ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ተኝቶ ቁመቴን አያውቀውም?»

ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ፊቷ ሲነጣ አየሁ። ቶርኪል ሰው ደጁን ሲያልፍ በዓይኑ ለክቶ የእግሩን ርዝመት የሚናገር ሰው እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

«አውርደኝ» አለች።

አወረድኳት። ወደ ቤት ገባች። እኔ እዚያው ብስክሌቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ክፉ ነበሩ። ቦዲል የከተማውን ረጃጅም ሴቶች እግር ማየት ጀመረች። ዳቦ ቤት ተሰልፈን ሳለ በክርኗ ትጎሽመኛለች። «የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ እግር አይተሃል? ሸንበቆ!»

«ኧረ ቦዲል፣ እሷ እኮ መኪና ነው የምትነዳው።»

«ታዲያ ብስክሌት የምትፈልገው ለዚያ አይደል! የሰንበት ኦርጋን የምትመታዋስ? ዘፈን የማይወደው ባሌ ባለፈው ገና ሁለቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደ!»

እስቃለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ዓይኗን አየሁትና ዘጋሁት። ዓይኗ አብጧል። የሞተ ባል ይቅር አይባል፣ አይጠየቅ፣ አይደበደብ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፔዳሉን ልፈልግ ብላ ሣጥኑን እስከ ሥሩ ገለበጠችው። በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ወጣ። ፔዳሉን የሚሸከሙት ሁለቱ የብረት ክንዶች ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ተሳስቶ ነው» አለች። «የተለያየ ጥንድ አደባልቋል። ይሄኛው አጭር ነው።»

አነሳኋቸው። አልተደባለቁም። የአንድ ዓይነት ብረት፣ የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። የግራው በሞረድና በብየዳ ሆን ተብሎ አጥሯል። ጫፉ ላይ በተገጠመው ፔዳል ላይ ደግሞ ጫማ ከፍ የሚያደርግ ወፍራም እንጨት በብሎን ታስሯል።

«ቦዲል» አልኩ፣ «ይሄ ግራ እግሩ ከቀኙ ላጠረ ሰው ነው።»

ካልኩ በኋላ ነው ያልኩት ነገር ለራሴ የገባኝ። ረጅም ሰው። ግራ እግሩ ያጠረ። የማይሰበር ሹካ። እግር አንስቶ መሻገር ለሚያቅተው ዝቅ ያለ ቧንቧ።

ቦዲል የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«አይናር» አለች። ወንድሟ ነው።

አይናርን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የቦዲል ታናሽ ወንድም ነው፤ እሷ አጭር፣ እሱ ምሰሶ። ወጣት ሳለ ቶርኪል በሠራለት ብስክሌት የስቫኒንግን ቁልቁለት እንደ አሞራ ይወርደው ነበር። አንድ ቀን ከክርስትና ድግስ ሲመለስ እዚያው ቁልቁለት ላይ ወደቀ። ግራ እግሩ ሦስት ቦታ ተሰበረ፤ ሲድንም አጥሮ ዳነ። አይናር «ሹካው ተሰበረብኝ» አለ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰውና የተሰባበረውን ብስክሌት ሰብስቦ የወሰደው ቶርኪል ደግሞ «ሹካው የተሰበረው ሲወድቅ ነው፤ የጣለው አረቄው ነው» አለ። ቦዲል ባሏን አመነች። ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ እዚያው ምድር ቤት አንሶላ እያጠበች፣ ወጥታ «ሰካራም! የባሌን ስም አጠፋህ» ብላ ሰድባዋለች። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። እሱ እዚያው ስቫኒንግ ኮረብታ ላይ ንብ እያነበ ይኖራል፤ እሷ ታች ከተማው ውስጥ። በመካከላቸው ያለው መንገድ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

«ያውቅ ነበር» አለች ቦዲል። «ቶርኪል ያውቅ ነበር! ሹካው እንደከዳው ያውቅ ነበር!»

መዶሻ አነሳች። ከግድግዳው ላይ ትልቁን። ብስክሌቱ ፊት ቆማ ወደ ላይ ሰነዘረችው። መዶሻው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ አድርጋ መልሳ ሰቀለችው።

«ብሰብረው ለሱ ውለታ መዋል ነው» አለች። «ውሸቱን እቀብርለታለሁ እንዴ? አልቀብርለትም። ክንዶቹን አምጣ።»

በዚያ ቀን የሠራችውን ዓይነት ሥራ አይቼ አላውቅም። ክንዶቹን አስገባች፣ ሰንሰለቱን ለካች፣ ቆረጠች፣ ገጠመች። የፊቱን መጫኛ፣ የኋላውን መጫኛ፣ ፓራፋንጎውን አሰረች። መብራቱን አበራች፤ በራ። «ቀለሙስ? አረንጓዴ ገዝተሽ ነበር» አልኳት።

«ለሱ ሥራ ቀለም አላባክንም።»

ማታ በመስኮት ሳያት የሠርጋቸውን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ስትከት ነበር።

እሁድ ዕለት ወደ ስቫኒንግ ወጣን። እኔ በራሴ ብስክሌት፤ እሷ ግራጫውን እየገፋች፣ በእግሯ። ልግፋልሽ ብላት «ዞር በል» አለችኝ። ዳገቱ ላይ ላቧ ጠብ ጠብ እያለ፣ ለወንድሟ የምትለውን ጮክ ብላ ትለማመዳለች። «አይናር፣ ተሳስቼ ነበር። አይ፣ ይሄ አጭር ነው። አይናር፣ ያ የሞተ ውሻ ዋሽቶኝ ነበር። አይ፣ እሁድ ነው።» እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩን በፊቷ እንዳይዘጋው። ሌላ የሚያስፈራ ነገር ሊኖር ይችላል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

አይናር ደጁ ላይ የንብ ቀፎ ክዳን ሲፍቅ አገኘነው። ሸብቷል። ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። እህቱን አየ፤ ከእህቱ ወደ ብስክሌቱ አየ። እያነከሰ መጣና፣ ሰላም ሳይል፣ ጎንበስ ብሎ ሹካው ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ።

«ቀለም አልተቀባም» አለ ቀስ ብሎ። «ቃሉን ጠብቋል።»

ቦዲል ዳገቱን ሁሉ ስትለማመድ የመጣችው ንግግር የት እንደገባ እንጃ።

«የማን ቃል?» አለች በመጨረሻ።

«የቶርኪል። ቀለም እንዳትቀባው ብዬው ነበር። መጋጠሚያውን በዓይኔ ሳላይ ሁለተኛ አልወጣበትም ብዬዋለሁ።» ከዚያ ፊቷን ሲያይ እሱም ደነገጠ። «ምነው? አልነገረሽም? ሳይነግርሽ ነው እንዴ የሞተው?»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?»

አይናር ቀፎው ላይ ተቀመጠ። እኛ ቆመን ነበር።

«ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው» አለ። «አንድ ሐሙስ፣ በረዶ እየጣለ፣ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ዘጋሁበት። አልሄድም ብሎ ቆመ። ስትሞት ያኔ ትሄዳለህ ብዬ ተውኩት። ምሳዬን በልቼ ስወጣ አሁንም ቆሟል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። አስገባሁት። ተቀመጠና ተናገረ።»

«ምን ብሎ?»

«ስንጥቁን አይቼዋለሁ ብሎ።»

«የምን ስንጥቅ?»

«የሹካው፣ ቦዲል። ሳይሰጠኝ በፊት መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አይቷል። እኔ በዚያ ሳምንት እየነዘነዝኩት ነበር፤ ለክርስትናው በአዲስ ብስክሌት ልሂድ እያልኩ። ሌላ እስክሠራለት ይይዛል ብሎ ቀለም ቀባበት። ከዚያ ስወድቅ ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው ለምን እንደሆነ ገባሽ? እኔን ሊያነሳ አይደለም። ሹካውን ሊያነሳ ነው።»

አጥሩን ተደገፍኩ። ከዚያ ሰው ጋር ስንት ቅዳሜ ተቀምጫለሁ! ሳቁን አውቃለሁ፣ ሳሉን አውቃለሁ፣ ቢራውን ስንት ጉንጭ እንደሚጨርሰው አውቃለሁ። ይሄን አላውቅም።

ቦዲል ግን የያዘችው ነገር ሌላ ነበር። «ስድስት ዓመት» አለች። «ከዚያስ?»

«ከዚያ በየሐሙሱ ይመጣ ነበር። እንጨት ይፈልጥልኛል፤ ዳማ እንጫወታለን። ብስክሌት ልሥራልህ አለ፤ ብዙ ጊዜ እምቢ አልኩት። ባለፈው መስከረም እሺ ስለው እንደ ልጅ አለቀሰ። እዚህ ወለል ላይ አቁሞ ለካኝ። ማር የምጭንበት፣ ቀፎ የምጎትትበት፣ እግሬን ሳላነሳ የምወጣበት፤ ለሁሉ የሚሆን።»

«ሐሙስ ወደብ ካርታ እጫወታለሁ ነበር የሚለኝ» አለች ቦዲል። ወደኔ ዞረች። «አንተንስ?»

«እኔን ሐሙስ ሐሙስ ቤት አግዛታለሁ ነበር የሚለኝ» አልኩ።

«አግዞኝ አያውቅም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ወንድሟ፤ «አንተስ? አንተ አፍ አልነበረህም? ስድስት ዓመት እህትህን ከታች አስቀምጠህ፣ ከሱ ጋር ዳማ?»

«ለመነኝ፣ ቦዲል። ራሴ ልንገራት ብሎ ለመነኝ። ብስክሌቱ ሲያልቅ እሷንም ብስክሌቱንም ይዤ እመጣለሁ አለ። ስታውቅ ትተወኛለች ብሎ ይፈራ ነበር።»

«እሱ ለመነህ! እኔንስ ማን ለመነኝ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እናታችን ስትሞት ለየብቻ ቆመን ነው የቀበርናት። እኔ እንደ ከሃዲ እያየሁህ። ከዚያ ወዲህ ከሱ ጋር ታርቀህ፣ ከኔ ጋር ሳትታረቅ? እሱ ነው እግርህን የሰበረው ወይስ እኔ?»

አይናር፣ «ሰካራም ብለሽኛል» አለ። «እሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። አንቺ አልመጣሽም።»

«አላውቅማ!»

«እህቴ ነሽ። ሳታውቂም ልትመጪ ትችይ ነበር።»

ይህን ጊዜ የሆነውን አልረሳውም። ቦዲል በጥፊ የተመታች ያህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ብስክሌቱን ለቀቀችው፤ አጠገቡ ያለ ሌላ ቀፎ ላይ ጋደም አለ። ፊቷን አዙራ ቁልቁለቱን በእግሯ ተያያዘችው። ቦርሳዋን እንኳ ረስታዋለች። ከኋላዋ ብስክሌቴን እየገፋሁ ተከተልኳት፤ እስከ ቤቷ ድረስ አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

በጋው እንዲሁ አለፈ። አይናር በብስክሌቱ መታየት ጀመረ። ሰው ማመን አቃተው፤ ሃያ ዓመት በዱላ ሲያነክስ ያዩት ሰው፣ ከፊት የማር ማሰሮ፣ ከኋላ የጎመን ጆንያ፣ ሲብስም ቀፎ የጫነ ጋሪ እየጎተተ ገበያ መሃል ያልፋል። ቦዲል ከሩቅ ስታየው ወደ ሌላ መንገድ ትታጠፋለች። እቤቷ ደግሞ ወርክሾፑን አልዘጋችውም። ሰዎች ቶርኪል ጋ ያስቀመጡትን ብስክሌት ሊወስዱ ሲመጡ፣ «ቆይ ፍሬኑ ላልቷል» ብላ ታጠብቃለች። በዚያው ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጁ ላይ ሰልፍ ነበር። የምትጠላው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንጥቅ ያለበትን ብረት። አንዱ የሰነጠቀ ሹካ ይዞ መጥቶ «በቀለም ሸፈን ብታደርጊልኝ» ቢላት፣ ሹካውን ሞርሳ ላይ አስራ በትልቁ መዶሻ ለሁለት ከፈለችውና ሁለቱንም ቁራጭ በእጁ ሰጠችው። ሰውዬው ቁራጮቹን ታቅፎ ወጣ።

ከዚያ በመከር መጨረሻ፣ ዝናቡ እንደ ገመድ በሚወርድበት ቀን፣ የወደቡ ሰው በሙሉ አፉን የከፈተበት ነገር ሆነ። እኔ የመርከብ መጠበቂያው ጥላ ሥር ነበርኩ። ቦዲል ከደሴቱ መርከብ ወርዳ፣ ሁለት ጆንያ ድንች በዚያ ቀይ ቅራቅንቦዋ ላይ ጭና ስትነሳ፣ የኋላ ጎማው እንደ ብስኩት ታጠፈ። ድንቹ መንገዱን ሞላው። ጭቃ ላይ ቆማ ሰማዩን ትሳደብ ጀመር።

አይናር ማር አድርሶ ሲመለስ ነበር። አጠገቧ አቆመ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ዝናቡ ይጮኻል። ያየሁት ይህን ነው፤ ድንቹን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ ጆንያዎቹን ከፊት ጫኑ፣ ቀዩን ብስክሌት ጋሪው ላይ ወረወሩ። ከዚያ ቦዲል ከኋላ ያለው መጫኛ ላይ ወጥታ በጎን ተቀመጠች። አይናር ረገጠ። ብስክሌቱ ድንቹን፣ ጋሪውን፣ ቅራቅንቦውን፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ተሸክሞ ተንቀሳቀሰ። በፊታችን ሲያልፉ ድምፅዋ ከዝናቡ በላይ ተሰማ።

«በናታችን ቀብር ላይ ያደረግከው ኮፍያ የማን ነበር? ያስጠላ ነበር!»

«የቶርኪል ነው!» ሲል ሰማሁት።

«ዋሾ! ያኔ አልታረቃችሁም!»

«ታዲያ የማን ይሁን? የራሴ ነዋ!»

የቲኬት ቆራጯ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። «እነዚህ ሰዎች ይነጋገራሉ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አብረው ናቸው። ታረቁ እንዳልል ይጣላሉ፤ ሃያ ዓመት የተጠራቀመ ጠብ አለባቸው፣ ተራ በተራ እያወጡ ይጨርሱታል። አይናር አንዳንዴ ዳማውን ይዞ ይወርዳል። ቦዲል ጨዋታውን አታውቅም፤ ስትሸነፍ ሰሌዳውን ትገለብጠዋለች። ወገቧ የሚደርስ፣ ለልኳ የሚሆን ፍሬምም ከሌላ ከተማ አስመጥታ፣ አሁን ያንን እየገጠመች ነው። ፎቶው ግን ከመሳቢያው አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት ከነሱ ጋር የቶርኪል መቃብር ጋ ሄጄ ነበር። አይናር ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ «ትገቢያለሽ?» አላት።

«አልገባም። አንተ ግባ። ሰላምታዬን እንዳታደርስልኝ።»

እያነከሰ ገባ። እኛ ውጭ ቆየን። ቦዲል የብስክሌቱን ሰንሰለት በጣቷ ዳሰሰች። አይናር ጥቂት ቆይቶ ወጣ።

«አላደረስክም አይደል?»

«አላደረስኩም።»

«ጥሩ» አለች። «በል ነዳ፤ ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ ነው።»